ሜዳሊያው ሮም፣ ረሃቡ ጃን አሞራ

የ2016 ጥምቀት ካለፈ ገና ሳምንቱ ነበር። ጥር 19 ቀን የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ሮም ላይ ለጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ «አግሪኮላ» የተባለውን ሜዳሊያ ሸለመ፤ ለምግብ ዋስትና፣ በተለይም ለስንዴ ምርት ላሳዩት አመራር ነው ተባለ። በማግስቱ፣ ጥር 20፣ ከባሕር ዳር በስተደቡብ ባለችው መራዊ ከተማ የመንግሥት ወታደሮች ሰላማዊ ሰዎችን ገደሉ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በኋላ የሟቾቹን ቁጥር ቢያንስ 45 አደረሰው። ጥር 21 ራሱ የመንግሥት ተቋም የሆነው የሕዝብ እንባ ጠባቂ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ በትግራይ 351፣ በአማራ ክልል 44 ሰዎች በረሃብ እንደሞቱ ይፋ አደረገ። ጥር 24 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአማራ ክልል ውጊያ ምክንያት የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በአራት ወር አራዘመ። ጥር 28 ጠቅላይ ሚኒስትሩ እዚያው ምክር ቤት ቀርበው በኢትዮጵያ በረሃብ የሞተ ሰው እንደሌለ፣ የሞተ ካለም ከምግብ እጥረት ጋር በተያያዘ በሽታ ሊሆን እንደሚችል ተናገሩ።

ይህ ሁሉ የሆነው በአሥር ቀን ውስጥ ነው። ቀኖቹን ከነቅደም ተከተላቸው የደረደርኩት፣ የጎንደርና የሰሜን ደጋ ሰው ቁጣ ከየት መጣ ብሎ ለሚጠይቅ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ ስለማላውቅ ነው። ይህ ሕዝብ ረሃብን ያውቀዋል። ጦርነትንም ከአባቱ ወርሶታል። ድርቅ የመጣበትን ዓመት «የእግዜር ቁጣ ነው» ብሎ ያሳልፋል፤ ልጁ በዘመቻ የሞተበትም አልቅሶ፣ ተዝካር አውጥቶ፣ ማረሻውን ይዞ ወደ ማሳው ይመለሳል። ሊችለው ያልቻለው ሬሳ ቀብሮ ሲመለስ «የሞተ የለም» መባሉን ነው።

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ ወገራን አቋርጦ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ ይገባል፤ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጥር መንገደኛ ግራና ቀኙን ሲያይ የታጨደ የገብስ ማሳ፣ የጭድ ክምር፣ በየጎጆው ዙሪያ የቆመ ባሕር ዛፍ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ እረኛ ያጋጥመዋል። ደባርቅ ላይ መንገዱ ይከፈላል። አንዱ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ ቁልቁል ይወርዳል። ሌላው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ፣ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በሳንቃበርና በጨነቅ አልፎ፣ ቧሂትን ተሻግሮ ወደ ጃን አሞራዋ መካነ ብርሃን ይዘልቃል። ከዚያ ወዲያ በየዳ ነው፤ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመው የራስ ደጀን ወረዳ። ፓርኩን ዩኔስኮ በ1970 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ ዋልያውንና ጭላዳውን ሊያይ ከሩቅ አገር ሰው ይመጣል። የጃን አሞራ ሰው ግን ያንን ገደል በሌላ ነው የሚያውቀው፤ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ትወሰድበታለች፣ እህል በአህያ ጀርባ ይወጣበታል።

በ2015 ክረምት በጃን አሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ዝናቡ ከዳ። ድርቅ ወደ ረሃብ የሚለወጠው ግን በአንድ ቀን አይደለም፤ መንገዱን የደጋ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ ፍየሉና በጉ ገበያ ይወጣል። ሁሉም ሻጭ ስለሚሆን የከብት ዋጋ ይወርዳል፣ የእህሉ ይወጣል። ቀጥሎ ጊደሯ ትሸጣለች። በመጨረሻ የእርሻው በሬ ይሸጣል፤ በሬው የተሸጠበት ገበሬ የከርሞው ክረምት ቢዘንብለት እንኳ በምን ያርሳል? ድሮ በእንዲህ ያለ ዓመት ጎልማሳው ቤተሰቡን ትቶ ወደ ሑመራና መተማ ይወርድ ነበር። ሰሊጥ አጭዶ፣ ማሽላ ቆርጦ፣ ጥቂት ብር ቋጥሮ ይመለስ ነበር። በ2015 እና በ2016 ያ መውጫ በውጊያና በእገታ ጠበበ።

ሌላው መውጫ ዕርዳታ ነበር። በሰኔ 2015 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የዕርዳታ ድርጅትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም በመላ ኢትዮጵያ የምግብ ዕርዳታ ማቋረጣቸውን አስታወቁ። ምክንያታቸው ለተራበ ሰው የመጣው ስንዴ በስፋት እየተሰረቀ መሆኑ ነበር። የሰረቀው ጃን አሞራ ያለ የተራበ ገበሬ አልነበረም፤ ቅጣቱን የተቀበለው ግን እርሱ ነው። ዕርዳታው በቅጡ መመለስ የጀመረው ከወራት በኋላ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ መንገድ ተዘጋ፣ የሞባይል ኢንተርኔትም አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተቋረጠ። ስለዚህ የተራበው ሰው መራቡን የሚናገርበት መስመርም ጠፋ። የአካባቢው ባለሥልጣናት ሰውም ከብትም እየሞተ ነው ብለው ሲጮሁ ድምፃቸው አዲስ አበባ የደረሰው በቀጭኑ ነው። እዚያ ደግሞ በዚያው ዓመት የካቲት ወር ስንዴ ወደ ውጭ መላክ መጀመሩ በታላቅ ሥነ ሥርዓት ተበስሮ ነበር። ከባሌና ከአርሲ ሰፋፊ ማሳዎች የተሰበሰበው ስንዴ እውነት ሊሆን ይችላል። የጃን አሞራ ባዶ ጎታም እውነት ነው። አንድ መንግሥት ሁለቱን እውነቶች በአንድ አፍ መናገር ካልቻለ ሕዝቡ ከዚያ አፍ የሚወጣውን ማመን ያቆማል።

ስለ ጃን አሞራ ሲነሳ ደረስጌ ማርያም ትዝ ይለኛል። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራው ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነው፤ ዘውድ ሊጭንበት አስቦም ነበር። የካቲት 3 ቀን 1847 ካሣ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ላይ ድል አድርጎት፣ ከሁለት ቀን በኋላ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1859፣ ያው ንጉሥ ጎንደርን አቃጠለ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱንም ንብረት ዘረፈ። ደጋው ንጉሥ አንግሦ የንጉሡን እሳት ሲሞቅ የመጀመሪያው አልነበረም፤ የመጨረሻውም አልሆነም። በደርግ ዘመን ሻለቃ መላኩ ተፈራ ጎንደርን ሲያስተዳድር የቀይ ሽብር ሰለባ የሆኑ ልጆቻቸውን በግልጽ እንዳያለቅሱ የተከለከሉ እናቶች ሙሾ ዛሬም በከተማዋ ይታወሳል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ተረት ይህ ሕዝብ ያወጣው በመከራው ነው።

ያ ተረት በጎንደር የተሰበረው ሐምሌ 2008 ይመስለኛል። ሐምሌ 5 ሌሊት የፌዴራል የጸጥታ ኃይሎች የወልቃይት የአማራ ማንነት ጥያቄ ኮሚቴ አባል የሆነውን ኮሎኔል ደመቀ ዘውዱን ከቤቱ ሊይዙ መጡ። እጄን አልሰጥም አለ፤ ተኩስ ተከፈተ፣ ሰው ሞተ። ሐምሌ 24 ከተማዋ ወጣች። ከአዘዞ፣ ከማራኪ፣ ከአራዳ፣ ከቀበሌ ሁሉ የተነሳው ሰው መስቀል አደባባይን ሞላ፤ ከገጠር በእግሩ የመጣም ነበረበት። ሰልፉን መንግሥት አልፈቀደውም። ሆኖም በሰላም ተጀምሮ በሰላም ተበተነ። በዚያ ቀን ከተያዙት መፈክሮች ውስጥ እኔ ትልቁ የምለው በኦሮሚያ የሚፈሰው የኦሮሞ ደም የእኛም ደም ነው የሚለው ነው። ሕዝቡ ወንበር ላይ ካሉት ሰዎች ርቆ ሄዶ ነበር። በሳምንቱ፣ ነሐሴ 1፣ ባሕር ዳር ላይ ጥይት ተተኮሰ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዚያች ከተማ ብቻ ቢያንስ 30 ሰዎች እንደተገደሉ ዘገበ። ጎንደር ሱቋን ዘግታ ቤቷ ተቀመጠች። በመስከረም 2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ። የካቲት 8 ቀን 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ለመልቀቅ ጠየቁ፣ በዚያው ወር ኮሎኔሉ ከእስር ተፈታ፣ መጋቢት 24 ዐቢይ አሕመድ ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

የዚያን ጊዜውን ደስታ የረሳ የጎንደር ሰው የለም። እኔም አልረሳሁትም። ግን ከዚያው ደስታ ጋር አንድ ነገር ተደበቀ። ሐምሌ 2008 ላይ ሰልፈኛውን «ፀረ ሰላም» ያለው የክልሉ ገዢ ፓርቲ ብአዴን በመስከረም 2011 አዴፓ ተባለ፤ በ2012 ደግሞ ብልጽግና ሆነ። ስሙ ሁለት ጊዜ ተለወጠ፣ አብዛኛው ሰው ግን እዚያው ወንበር ላይ ቆየ። ትናንት የወልቃይትን ስም ያነሳን ሰው ያሳሰረ ካድሬ ከጥቂት ወራት በኋላ በመድረክ ላይ ስለ ወልቃይት እንባ ሲያፈስ ታየ። በ2008 ለሞቱት ማን ትእዛዝ ሰጠ? ይህን ጥያቄ የሚመልስ የፍርድ ቤት ውሳኔ ጎንደር አላየችም። ይቅር ተባባሉ ተባለ፤ ጥፋቱን ያመነ ሰው ግን አልቀረበም።

ኅዳር 30 ቀን 2012 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኦስሎ ላይ የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲቀበሉ፣ በኢትዮ ኤርትራ ጦርነት የሬዲዮ ወታደር እንደነበሩ፣ የሬዲዮ ሞገድ ፍለጋ ከምሽጉ ወጥተው ሲመለሱ ጓዶቻቸው በመድፍ አልቀው እንዳገኟቸው ተናገሩ፤ ጦርነት ለሚገባበት ሁሉ ሲኦል መሆኑንም መሰከሩ። ንግግሩን ያመኑት ነበሩ፤ ያመኑበትም ምክንያት ነበራቸው። ዓመት ሳይሞላ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2013፣ በፌዴራሉ መንግሥትና በሕወሓት መካከል የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ። ጥቅምት 30 በማይካድራ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ አማሮች፣ ተጨፈጨፉ። ቁስለኞቹ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መጡ። ኅዳር 4 ከትግራይ የተተኮሰ ሮኬት የጎንደርን አውሮፕላን ማረፊያ መታ።

ሐምሌ 18 ቀን 2013 የአማራ ክልል ርእሰ መስተዳድር አገኘሁ ተሻገር የመንግሥትም የግልም መሣሪያ ያለው ሁሉ እንዲዘምት ጥሪ አቀረቡ። ነሐሴ 4 ጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅሙ ያለው ዜጋ ሁሉ ወደ ግንባር እንዲወጣ ጠሩ። የወገራና የዳባት ገበሬ ጥሪውን ሰማ። በራሱ ጠመንጃ፣ ሚስቱ በቋጠረችለት በሶና ዳቦ፣ ማሳውን ለአረም ትቶ ወደ ሊማሊሞ ወጣ። የእንዲህ ያለው ዘማች መጠሪያ የሆነው ፋኖ የሚለው ስም ያን ጊዜ በመንግሥት ቴሌቪዥን የጀግና ስም ነበር። በነሐሴ መጨረሻ የሕወሓት ኃይሎች ዳባት ወረዳ ጭና ገቡ። ከተባረሩ በኋላ የአካባቢው ባለሥልጣናት ከ120 በላይ ሬሳ መገኘቱን ተናገሩ፤ ሕወሓት አልገደልኩም አለ። በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር በጅምላ ከተቀበሩት መካከል ካህናት፣ ሴቶችና ልጆችም ነበሩ። ርእሰ መስተዳድሩ ከሳምንታት በኋላ፣ በ2014 መጀመሪያ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆኑ። የጭና ገበሬ ባዶ ቤቱ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ልናገር። በግንቦት 2014 «ሕግ ማስከበር» በሚል ዘመቻ በክልሉ ከ4,000 በላይ ሰዎች ታሰሩ፤ ትናንት የተሞገሱት ዘማቾችም አሉባቸው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጡት የፌዴራሉ መንግሥትና ሕወሓት ብቻ ነበሩ። ጦርነቱ መቆሙን የተቃወመ እናት አላውቅም። የጭና ሰው የጠየቀው ስለ እኔ ደም ማን ተናገረ የሚለውን ነው። መጋቢት 28 ቀን 2015 የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ተወሰነ፤ ጎንደር ጎማ አቃጠለች፣ መንገድ ዘጋች። ሐምሌ መጨረሻ ላይ የፋኖና የመንግሥት ጦር ውጊያ ራሱ ከተማዋ ውስጥ ገባ። ያንኑ ፋኖ የሚለውን ስም መንግሥት «ጽንፈኛ» ብሎ ጠራው። የሕዝብ ተወካዩ ክርስቲያን ታደለና የክልሉ ምክር ቤት አባል ዮሐንስ ቧያለው ታሰሩ። በ2017 መጀመሪያ ደግሞ በክልሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ዳኞችና መምህራን ሳይቀሩ፣ ያለ ፍርድ ተይዘው ወደ ወታደራዊ ካምፖች ተወሰዱ፤ አንዱ ካምፕ ጭልጋ አካባቢ ያለው ሰራባ ነው።

ጎንደር ከተማ ውስጥ ሕይወት ምን ይመስላል? ቢጫ ጀሪካን ደጃፍ ላይ ተሰልፏል፤ ውኃ በፈረቃ ነው፣ ፈረቃውም ይዘለላል። ለዚህ መፍትሔ ይሆናል የተባለው የመገጭ ግድብ ሥራ ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በየምርጫው ቃል ይገባበታል። በሌላ በኩል የፋሲል ግንብ ታድሷል፣ ለኮሪደር ልማት የመንገድ ዳር ቤት ፈርሷል። ግንቡ መታደሱ ተገቢ ነው፤ ሊወድቅ ደርሶ ነበር። ነገር ግን በምሽት ከፒያሳ ቤቱ የሚሄድ ሰው መብራቱን አይቶ አይረጋጋም፤ ሞተር ሳይክል ከኋላው ሲመጣ ልቡ ይደነግጣል። እገታ ሥራ ሆኗልና። በ2016 ማብቂያ የሁለት ዓመት ሕፃን ለገንዘብ ታግታ ተገደለች፤ የከተማው ሰው በቁጣ አደባባይ ወጣ፣ ሰልፉም በጥይት ተበተነ። በዚያ ቀን ያልታጠቀው ሕዝብ የጠየቀው ልጆቼን ጠብቁልኝ ነበር። ይህን የጠየቀን ሰው በጥይት የሚመልስ አካል ራሱን ጠባቂ ብሎ መጥራት አይችልም።

በገጠሩ ደግሞ ቀን የሚመጣው ወታደር «ማንን አበላህ» ይላል፤ ሌሊት የሚመጣው ታጣቂ «ለማን ተናገርክ» ይላል። ገበሬው ለሁለቱም ይከፍላል። በ2017 በክልሉ ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ነበሩ። ትምህርት ቤት የሚዘጋ፣ መምህር የሚያስፈራራ፣ መንገደኛ የሚያግት ታጣቂ በሕዝብ ስም ቢምል መሐላው ከካድሬው መሐላ አይሻልም። ይህን መጻፍ በሁለቱም ወገን ጠላት ያፈራል፤ አውቃለሁ። ግን የመንግሥትን ግብዝነት እየቆጠርኩ የራሳችንን ብዘል ይህ ጽሑፍ ዋጋ የለውም።

የራሳችንም አለ። በ2008 ክረምት ቁጣው ሲነድ የትግራይ ተወላጅ የሆኑ ጎረቤቶቻችን ሱቃቸው ተዘርፎ፣ ንብረታቸው ተቃጥሎ በሺዎች ከጎንደርና አካባቢዋ ሲወጡ ምን ያህሎቻችን «ተዉ» አልን? አብረን ቡና የጠጣን፣ ክርስትና የተነሳሳን ሰዎች ነበርን። በማዕከላዊና በምዕራብ ጎንደር በቅማንት የራስ አስተዳደር ጥያቄ ስም ደም ሲፈስ፣ ከሁለቱም ወገን በአሥር ሺዎች ሲፈናቀሉ፣ የየራሳችንን ሟች ብቻ ቆጠርን። አምነስቲና ሂዩማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2014 ከወልቃይት፣ ከሑመራና ከጠገዴ የትግራይ ተወላጆች በግፍ እንደተባረሩ ሲዘግቡ፣ ማይካድራን ስናለቅስ የነበርን ብዙዎቻችን ዘገባውን ሳናነብ ሰደብነው። የማይካድራ ሟች ፍትሕ የሚያገኘው በሌላው ሟች ላይ ዓይን በመጨፈን አይደለም። ሐምሌ 24 ቀን 2008 የኦሮሞን ደም የእኔ ያለው ሰልፈኛ ይህን ከእኛ ቀድሞ ገብቶት ነበር።

መንግሥት በሚያዝያ 2016 የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። ከዚያ በፊት፣ በጥቅምቱ፣ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ባለሙያዎች ኮሚሽን የሥራ ዘመኑ ሳይታደስ ተበትኗል። የውጭው መርማሪ ሄዷል፤ የአገር ውስጡ በወረቀት ላይ ነው። ስለዚህ ከመንግሥት የምንጠይቀው ነገር በዝርዝር ይነገር። በሐምሌና በነሐሴ 2008 ጎንደርና ባሕር ዳር ላይ ተኩሱ የተባለው በማን ነው? የጭና፣ የማይካድራና የመራዊ ገዳዮች የትኛው ችሎት ይቀርባሉ? በ2015 የተሰረቀውን የዕርዳታ ስንዴ ማን ሸጠው፣ ለማን ሸጠው? በጃን አሞራ፣ በበየዳና በጠለምት በረሃብ የሞቱት ሰዎች በመንግሥት መዝገብ በስማቸው ይጻፉ፤ «የሞተ የለም» የተባለበት ምክር ቤትም ያንን መዝገብ ተቀብሎ ያንብብ።

ለአንባቢዬም አንድ ልመና አለኝ። በሰፈራችሁ፣ በቀበሌያችሁ፣ በደብራችሁ በእነዚህ ዓመታት በጥይት ወይም በረሃብ የሞተውን ሰው ስም፣ የሞተበትን ቀን፣ የተቀበረበትን ደብር ጻፉ። የእድራችሁን መዝገብ ጠብቁ፤ የካህኑን የፍትሐት መዝገብ ኮፒ አድርጉ። የጎረቤታችሁን ሟች፣ ቋንቋው ሌላ ቢሆንም፣ እዚያው ገጽ ላይ ጻፉት። የችሎት ቀን ሲመጣ የሚጠየቀው ይህ ነው።